ከጎዳናው የቀረው ሰው

አንዲት አዛውንት እናት ሰፊ መንገድ ሊሻገሩ ዳር ቆመዋል እንበል። መንገዱ 12 ሜትር ይሰፋል። የእግረኛው አረንጓዴ መብራት እንደበራ እግራቸውን ያነሳሉ። መብራቱን ያስተካከለው መሐንዲስ ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ብሎ አስልቶ 10 ሰከንድ ሰጥቷቸዋል። እሳቸው ግን የሚራመዱት በሰከንድ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። አሥረኛዋ ሰከንድ ስታልቅ የደረሱት 8 ሜትር ላይ ነው፤ ከፊታቸው ገና 4 ሜትር አለ። ሞተሮች ያጉረመርማሉ፣ አንዱ ሹፌር ጥሩምባውን ይነፋል። ያቺን 4 ሜትር እንዴት እንደጨረሷት ራሳቸውም አያውቁትም። ቤት ገብተው ከተቀመጡ በኋላ እንኳ ልባቸው አልሰከነም። በሚቀጥለው ሳምንት መድኃኒታቸውን የሚያመጣላቸው የጎረቤት ልጅ ነው። ከወራት በኋላ ደግሞ በዚያ በኩል ሊጠይቋት ይሄዱ የነበረች ወዳጃቸውን ማየት ያቆማሉ።

ይህች እናት በምናብ የመጡ ናቸው፤ ስሌቱ ግን እውነተኛ ነው። በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚለው ልኬት የእግረኛ መብራቶች ሲስተካከሉ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ ነው። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በእንግሊዝ አገር ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን አረማመድ መርምሮ ነበር። ከወንዶቹ 84 በመቶ፣ ከሴቶቹ ደግሞ 94 በመቶ የሚሆኑት ከዚህ ፍጥነት በታች እንደሚራመዱ አገኘ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መብራቱ የተሠራው ለሁሉም ነው ይባላል እንጂ ለአብዛኞቹ አረጋውያን አልተሠራም።

ከተሞች እግረኛን ሲያጠኑ መስቀለኛ መንገድ ላይ ካሜራ ይሰቅላሉ፣ ወይም ቆጣሪ ሰው ያቆማሉ። ቆጣሪው ያለፈውን ሁሉ ይመዘግባል። ፈርቶ ቤቱ የቀረው፣ መንገዱ ስላላሳለፈው ከደጁ የተመለሰው ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። ከዚያም ባለሥልጣኑ መዝገቡን ገልጦ “በዚህ መንገድ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው አያልፍምና እዚህ ራምፕ (ጎማ የሚወጣበት ተዳፋት) መሥራት ገንዘብ ማባከን ነው” ይላል። ራምፕ የለምና ሰው አያልፍም፤ ሰው አያልፍምና ራምፕ አይሠራም። ለእግረኛ የሚመች ከተማ ሲባል ብዙ ሰው ውብ ንጣፍ፣ ዛፍና ቡና መጠጫ ጠረጴዛ ይታየዋል። እኔ ግን አንድን ጎዳና የምመዝነው ከላዩ በጠፋው ሰው ነው።

15 ደቂቃ በማን እግር?

ለእግረኛ የሚመች ከተማ የሚባለው ሰው ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ ሱቁንና መናፈሻውን በእግሩ ደርሶ የሚመለስበት፣ በመንገዱም ላይ የማይፈራበትና የማይዋረድበት ከተማ ነው። በፓሪስ ሶርቦን ያስተማሩት ፕሮፌሰር ካርሎስ ሞሬኖ በ2016 “የ15 ደቂቃ ከተማ” የሚለውን ሐሳብ ይዘው ብቅ አሉ። ለዕለት ኑሮ የሚያስፈልገው ሁሉ በእግር ወይም በብስክሌት በ15 ደቂቃ ውስጥ ይገኝ የሚል ነው። በጊዜው የፓሪስ ከንቲባ የነበሩት አን ኢዳልጎ በ2020 ምርጫ የቅስቀሳቸው አካል አደረጉትና ሐሳቡ ዓለምን ዞረ።

ሐሳቡን እወደዋለሁ። ሆኖም 15 ደቂቃ የሚለካው በማን እግር ነው? በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚሄድ ሰው በ15 ደቂቃ 1,080 ሜትር ይደርሳል። እኒያ አዛውንት እናት 720 ሜትር ላይ ይቀራሉ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በየአቅጣጫው የሚደረስበትን ቦታ በክብ ሥዕል ብንለካው የእሳቸው ከተማ ከጎልማሳው ከተማ ግማሽ እንኳ አይሞላም። አንድ ካርታ ላይ፣ አንድ ሰፈር ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች የተለያየ ስፋት ባላቸው ከተሞች ይኖራሉ ማለት ነው። መንገድ ላይ አረፍ የሚባልበት አግዳሚ ወንበር ከሌለ ደግሞ የእሳቸው ከተማ ከዚያም ይጠባል። ንጹሕ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ከሌለ፣ የስኳር ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነችና ትንሽ ልጅ የያዘ ሁሉ ጉዞውን የሚወስነው በፊኛው ነው። ስለዚህ ነገር በስብሰባ ላይ መናገር የሚያፍር ብዙ ነው፤ የወንበርና የመጸዳጃ ቤት እጥረት ግን የመንገድ መዘጋትን ያህል ሰው ያስቀራል።

ሲንጋፖር ለመብራቱ ጉዳይ አንድ መላ አግኝታለች። ከ2009 ጀምሮ በተመረጡ ማቋረጫዎች ላይ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የቅናሽ ካርዳቸውን ምሰሶው ላይ ካለው መሣሪያ ጋር ሲያስጠጉት አረንጓዴው መብራት እንደ መንገዱ ስፋት ከ3 እስከ 13 ሰከንድ ይራዘምላቸዋል። የእኛ እናት የጎደሏቸው 5 ሰከንዶች ብቻ ነበሩ።

ፍጥነት ሰውን ከሰው ይለያል

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ከአምስቱ ሟቾች ከአንዱ በላይ እግረኛ ነው። ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ የመኪና ፍጥነት ነው፤ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት የሚያስፈልገው ተራ ስሌት ነው።

አንድ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ 15 ሜትር ያህል ከፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ ዘለለ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሹፌር ነገሩን አይቶ እግሩ ፍሬኑን እስኪነካ አንድ ሰከንድ ቢወስድበት በዚያች ሰከንድ 8 ሜትር ከምናምን ይሄዳል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ከሆነ 5 ሜትር ያህል ተንሸራትቶ ይቆማል። ልጁ ደንግጦ ያለቅሳል፣ ሹፌሩም እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለቱም ወደየቤታቸው ይገባሉ። በ50 ኪሎ ሜትር የሚነዳው ግን በዚያችው አንድ ሰከንድ 14 ሜትር ሄዷል። ፍሬኑን ሲነካ ልጁ ጋ ሊደርስ 1 ሜትር ያህል ብቻ ቀርቶታል፤ የሚመታው ፍጥነቱን ይህ ነው የሚባል ሳይቀንስ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 20 ኪሎ ሜትር ሹፌሩን አጭር ሰፈር ውስጥ ከጥቂት ሰከንዶች በላይ አያተርፍለትም።

ሄልሲንኪና ኦስሎ በ2019 አንድም እግረኛ በመኪና አደጋ ሳይሞትባቸው ዓመቱን ጨርሰዋል። ያደረጉት ነገር ምስጢር የለውም። ፍጥነት ቀንሰዋል፣ ማቋረጫዎችን አስተካክለዋል፤ ኦስሎም ከመሀል ከተማዋ በመቶዎች የሚቆጠሩ የመኪና ማቆሚያ ቦታዎችን አንሥታለች።

ፍጥነትና የመኪና ብዛት የሚያጠፉት ግን ሕይወትን ብቻ አይደለም። ዶናልድ አፕልያርድ የተባሉ የከተማ ንድፍ ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጨረሻ በሳን ፍራንሲስኮ የሚመሳሰሉ ሦስት ጎዳናዎችን አጥንተው ነበር። በአንደኛው በቀን ወደ 2,000 መኪኖች ያልፋሉ፤ በመካከለኛው ወደ 8,000፤ በሦስተኛው ወደ 16,000። ጸጥ ባለው ጎዳና የሚኖር ሰው በአማካይ በዚያው ጎዳና ላይ 3 ወዳጆች ሲኖሩት፣ መኪና በሚበዛበት ጎዳና የሚኖረው ግን አንድ እንኳ አይሞላለትም፤ 0.9 ነው። ሰዎቹ “ቤቴ” የሚሉትን ቦታ እንዲያመለክቱ ሲጠየቁም የመጀመሪያዎቹ መንገዱን ሁሉ የእኔ ነው አሉ፤ የመጨረሻዎቹ ከበራቸው አላለፉም። አስፋልቱ ለመኪና ድልድይ፣ ለጎረቤታሞች ግን ገደል ሆኖባቸዋል። አፕልያርድ በ1982 አቴንስ ውስጥ በፍጥነት በሚከንፍ መኪና ተገጭተው ሞቱ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል።

ማኅበራዊ አካታችነት (ማንም ከኅብረተሰቡ ኑሮ ተነጥሎ እንዳይቀር ማድረግ) የሚለው ከባድ ቃል እንዲህ ወደ መሬት ይወርዳል። ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው፣ የታመመ መኖሩን የሚሰማው፣ ሥራ መኖሩን የሚነገረው በመንገድ ላይ ቆም ብሎ ሲያወራ ነው። መቆሚያው ሲጠፋ ወሬው ይቀራል፤ ዘመድ፣ መኪናና ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በዚህ ነው።

ለአንዱ መድኃኒት፣ ለሌላው መርዝ

በዊልቸር የሚሄድ ሰው ጉዞው ሰንሰለት ነው። አንዷ ቀለበት ከተበጠሰች የቀሩት 99 ምንም አይጠቅሙም። 800 ሜትር የተዋበ የእግረኛ መንገድ ተሠርቶ መጨረሻው ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የጠርዝ ድንጋይ ቢኖር፣ ለእሱ መንገዱ እዚያ ላይ አልቋል። መፍትሔው ጠርዙን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ግን እንደ ነገሩ ተደርጎ አይሆንም። በስፋት የሚሠራበት ልክ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት መስጠት ነው። ለ15 ሴንቲ ሜትር 1 ሜትር ከ80 ያስፈልጋል ማለት ነው። ብዙ ቦታ የምናየው ግን ሲሚንቶ ተለስኖበት በቁመቱ የቆመ፣ ወጣት ጉልበተኛ እንኳ ዊልቸር ገፍቶ የማይወጣው ነገር ነው። ሠራን ለማለት ብቻ የተሠራ ራምፕ ካልተሠራው ይብሳል፤ ጉዳዩ እንዳለቀ ተቆጥሮ ተመልሶ የሚያየው የለምና።

የእግረኛ መንገድ ላይ የሚቆም መኪናም ያው ነው። ባለ መኪናው “ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው” ይላል። ጤነኛው እግረኛ ወደ አስፋልቱ ወርዶ ዞሮት ያልፋል። ባለ ዊልቸሩ ለመውረድ ዝቅ ያለ ጠርዝ ፍለጋ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ካላገኘ ቤቱ ይገባል።

ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ትልቁን ውለታ የዋለው ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ ነው። በእግርና በነጭ በትር የሚዳሰሱ ንጣፎችን ፈለሰፈ፤ የመጀመሪያዎቹም በ1967 በኦካያማ ከተማ በዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት አቅራቢያ ተነጠፉ። ክብ ክብ እብጠት ያለው ንጣፍ “ቁም፣ ከፊትህ አደጋ አለ” ይላል፤ ረጃጅም መስመር ያለው ደግሞ “በዚህ ቀጥል” ይላል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በባቡር ጣቢያዎችና በማቋረጫዎች ላይ ይገኛል። ታዲያ ትርጉሙን ሳይረዱ ለጌጥ የሚያነጥፉት አሉ፤ መስመሩ ወደ መብራት ምሰሶ ወይም ወደ ዛፍ ግንድ የሚመራ ከሆነ ግን ያ ንጣፍ ሰውን ከማታለል አይለይም።

አሁን ከባዱ ነገር ይመጣል። ለባለ ዊልቸሩ መሰናክል የሆነው የጠርዝ ድንጋይ ማየት ለተሳነው ሰው ምልክቱ ነው። በትሩ ጠርዙን ሲነካ “አስፋልቱ እዚህ ይጀምራል” ብሎ ያውቃል፤ መሪ ውሾችም የሚሠለጥኑት ጠርዝ ላይ እንዲቆሙ ነው። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ በአውሮፓ ከተሞች “የጋራ ጎዳና” የሚባል ንድፍ ተስፋፋ። ጠርዙ ይነሣል፣ መኪናና እግረኛ በአንድ ደልዳላ ንጣፍ ላይ ይሄዳሉ፣ ዐይን ለዐይን ተያይተው ይተላለፋሉ ተባለ። ንድፉ ያምራል፣ ሹፌሮችም ይጠነቀቃሉ፤ ነገር ግን ዐይን ለዐይን መተያየት የማይችለውን ሰው ማን አሰበው? ዐይነ ስውራን በእንግሊዝ አገር አጥብቀው ተቃወሙ። መንግሥትም በ2018 የአካባቢ አስተዳደሮች እግረኛና መኪና በሚበዛባቸው ቦታዎች ጠርዝ አልባ የጋራ ጎዳና መሥራታቸውን እንዲያቆዩ ጠየቀ።

መውጫው ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀምጦ መነጋገር ነው። ጠርዙ በማቋረጫው ላይ ብቻ ዝቅ ይላል፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ደግሞ እብጠት ያለው ንጣፍ ይነጠፋል፤ ጎማውም ያልፋል፣ በትሩም ያውቃል። “ለአካል ጉዳተኞች” እየተባለ በጅምላ የሚታቀደው ነገር ሁሉ የሚከሽፈው እነዚህ ሰዎች አንድ ዓይነት ፍላጎት ያላቸው ስለሚመስለን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥራቸውን 1.3 ቢሊዮን ያደርሰዋል፤ ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ ያህሉ ማለት ነው። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ቃል ጠቅልሎ መንገድ መሥራት አይቻልም።

አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ጥያቄው እንደገና ይነሣል። የኤሌክትሪክ መኪና አየሩን ያጠራል፣ ጫጫታውን ይቀንሳል፤ በድምፅ ለሚሻገር ሰው ግን ያለ ኮቴ የሚመጣ አደጋ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 ጀምሮ ለአዳዲስ ሞዴሎች፣ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ለአዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሁሉ በዝግታ ሲሄዱ ድምፅ እንዲያሰሙ አስገድዷል።

የማን ጉዞ ነው “ጉዞ” የሚባለው?

የመንገድ ዕቅድ ለረጅም ዘመን የታሰበው ጠዋት ከቤት ወደ ሥራ፣ ማታ ከሥራ ወደ ቤት ለሚሄድ አንድ ሰው ነው። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ በዚያው ገበያ ገብቶ፣ የታመመ ዘመድ ጠይቆ፣ ዕቃ ተሸክሞ የሚመለስ ሰው ጉዞ ግን አጫጭርና የተቆራረጠ ነው፤ አብዛኛውም በእግር ነው፤ በአብዛኛው የሚጓዙትም ሴቶች ናቸው። ስፔናዊቷ ምሁር ኢነስ ሳንቼዝ ዴ ማዳሪያጋ ይህን “የእንክብካቤ ጉዞ” ብለው ሰይመው እንደ አንድ ራሱን የቻለ የጉዞ ዓይነት እንዲቆጠር አድርገዋል። ስም ሲያገኝ ነገሩ ቁጥር ሆነ፤ ቁጥር ሲሆን በጀት ሊጠየቅበት ተቻለ።

ካርልስኮጋ የምትባል የስዊድን ከተማ አሠራሯን በጾታ እኩልነት ዐይን ስትመረምር በረዶ ጠረጋው ላይ ደረሰች። በረዶ ሲጥል መጀመሪያ የሚጠረጉት ዋና ዋና የመኪና መንገዶች ነበሩ፤ የእግረኛ መንገዶች መጨረሻ ላይ። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። መኪና ጥቂት ሴንቲ ሜትር በረዶ ጥሶ ይሄዳል፤ የሕፃን ጋሪ ግን አይገፋም፣ ተንሸራቶ ወድቆ የሚሰበረውም እግረኛው ነው። አዲስ ማሽን አልተገዛም፤ የተለወጠው ማን ይቅደም የሚለው ብቻ ነው።

ልጆችንም እንቁጠር። በእንግሊዝ አገር በ1971 ከ7 እና 8 ዓመት ሕፃናት 80 በመቶው ያለ አዋቂ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። በ1990 ወደ 9 በመቶ ወረዱ። በዚያው ዘመን በመኪና የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ቀንሶ ስለነበር መንገዱ የበለጠ ደህና ሆነ ብሎ መደምደም ቀላል ነበር። ያልታየው ነገር ልጆቹ ከመንገዱ መወሰዳቸው ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን ቁመቱ 95 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እስከዚያ ከፍታ ጎንበስ ብሎ በቆሙ መኪኖች መካከል አሻግሮ ለማየት የሞከረ አዋቂ ልጁ ምን እንደሚያይ ወዲያው ይገባዋል፤ ብረትና ጎማ ነው።

መንገዱ ካማረ በኋላ ማን ይኖርበታል?

የእግረኛ መንገድ መጀመሪያ የሚሠራው ቱሪስት በሚበዛበት መሀል ከተማ ነው። መኪና የሌለው ድሃ የሚኖርበት ዳርቻ ግን በጭቃና በአውራ ጎዳና መካከል ይቀራል። ሜደሊን የተባለችው የኮሎምቢያ ከተማ ይህን ሥርዓት ገልብጣዋለች። በ2004 ተራራ ላይ ወደተንጠለጠሉ ድሃ ሰፈሮች የሚወጣ የገመድ መጓጓዣ ዘረጋች። በ2011 ደግሞ ለዓመታት በአመፅና በወንጀል ስትታወቅ በነበረችው በኮሙና 13 ሰፈር በድምሩ 384 ሜትር የሚረዝም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ሠራች፤ በገበያ አዳራሽ ውስጥ የምናየው ዓይነት፣ ለተራራ ነዋሪዎች። በመቶዎች የሚቆጠር ደረጃ በጉልበታቸው ይወጡ የነበሩ አረጋውያን ቆመው ወጡ።

ይሁንና መንገድ ሲያምር የቤት ኪራይም ይወጣል፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ታማኝነት አይደለም። የኒው ዮርኩ ሃይ ላይን መናፈሻ በ2009 በአሮጌ የባቡር ሐዲድ ላይ ሲከፈት ዓለም አደነቀው። በዙሪያው ውድ ሕንፃዎች ተገጠገጡ፤ ከመሥራቾቹ አንዱም በአካባቢው ላሉት ዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የታሰበውን ያህል እንዳልሠሩ ከጊዜ በኋላ በይፋ ተናግሯል። በዚህ ጊዜ ከጎዳናው የጠፋው ሰው እግሩ ደክሞ አይደለም፣ ኪራዩን መክፈል አቅቶት ነው። መድኃኒቱ መንገዱን አለመሥራት አይደለም፤ ከመንገዱ ጋር የቤቱን ጉዳይ አብሮ ማሰር ነው። በቪየና ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ የሚኖረው በከተማው ወይም ትርፋቸው በሕግ በተወሰነ ድርጅቶች ቤቶች ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሰፈሩ ሲሻሻል ብዙዎቹ ነዋሪዎች ዕቃቸውን ለመጫን አይገደዱም።

ቪየናን ካነሣሁ፣ የጠፋ ሰው እንዴት እንደሚቆጠር ያሳየችውም እሷው ናት። በ1990ዎቹ አጋማሽ ተመራማሪዎች የሕዝብ መናፈሻዎችን ተመልክተው አንድ ነገር አስተዋሉ። ዕድሜያቸው ከ9 ዓመት ሲያልፍ የሴት ልጆች ቁጥር በድንገት ያሽቆለቁላል፤ የወንዶቹ ግን እንዳለ ይቀጥላል። “ሴት ልጆች መናፈሻ አይወዱም” ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እነሱ ግን የት ሄዱ ብለው ጠየቁ። መናፈሻው በአንድ ትልቅ የኳስ ሜዳ የተያዘ ነበር፤ ለቦታው ከወንዶቹ ጋር መጋፋት ሲመጣ ልጃገረዶቹ ትተው ይሄዱ ነበር። በ1999 ማርጋሬተን በተባለው ወረዳ ሁለት መናፈሻዎች እንደገና ተሠሩ። የእግር መንገዶች ተጨመሩ፣ ለመረብ ኳስና ለባድሚንተን ቦታ ተለየ፣ ሰፊው ሜዳም በተክልና በመሬት ከፍታ ወደ ትናንሽ ጥጎች ተከፋፈለ። ወንዶቹ ልጆች አልተባረሩም። ልጃገረዶቹም ኑ ብሎ የጠራቸው የለም፤ በሦስትና በአራት ሆነው መጥተው ጥግ ጥጋቸውን ያዙ።